በድሮው ፋኖስ የተዘረጋ እጅ

ላኑስ፣ ሜይ 3 ቀን 1998

ለተከበርሽው እህቴ ለኤርሚንዳ ሶሳ፣ ሳን ፋውስቲኖ

የሉሃኗ እመቤታችን ጤናሽን፣ ጉልበትሽንና ያንን ምላስሽን እንዳለ ታቆይልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እህቴ ቼላም ደህና ናት፤ ጉንጭሽን ስማሻለች።

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ ፖስታውን እንዳታገላብጪ። እኔው ነኝ። ከአናቱ እስከ ግርጌው በገዛ እጄ። መምህርት ኔሊዳ በማታው ትምህርት ቤት፣ «ዶን ሩፊኖ፣ በስድሳ ስድስት ዓመቱ እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላኛለች። በስድሳ ስድስት ዓመቱ የመጣላት ከእኔ በቀር ማንም የለም፤ ቢሆንም ምስጋና አይመለስም። ለምን አልደወለም እንዳትይ ደግሞ። ስልክ የመሃይም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስፈርም ኖሬ፣ አሁን የሳን ፋውስቲኖ ከንቲባ ከሚጽፈው ይልቅ የእኔ ጽሕፈት ይነበባል። ከንቲባው ራሱ የመሰከረው ነው፤ ባይመሰክርም ያውቀዋል።

ከሳን ፋውስቲኖ የመጣሁበትን የቼላን የጓሮ ግድግዳ እየሠራሁ ነው። የቀድሞው የወደቀው ነፋስ ገፍቶት አይደለም፤ የላኑስ ግንበኛ ስለሠራው ነው። እዚህ አገር ቱምቢ የሚባል ነገር ለጌጥ የሚሰቀል ይመስላቸዋል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ቼላ ያለችበት የጡረተኞች ማኅበር በዚህ ወር አባላቱን መሃል ከተማ ወስዶ እራት እያበላ የታንጎ ትርዒት ሊያሳይ ነው። እኔም እንደ እንግዳ ተቆጥሬ ወንበር ተይዞልኛል። ቤቱ «የድሮው ፋኖስ» ይባላል። ስሙን ስታነቢ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አዎ፣ ያው ራሱ ነው። ልጅሽ ሮክሳና የምትጨፍርበት።

ታንጎ መራመድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሌላውን እናቷ ታውቃለች። ከሄደች አራት ዓመት ሆናት፤ ለእኔም አንድ መስመር አልጻፈችም። አልፈርድባትም። ብትጽፍልኝ ማን ያነብልኝ ነበር? አንቺ። አንቺ ደግሞ ለራስሽ የመጣውን ሳትከፍቺ ወደ መጣበት የመለስሽ ሴት ነሽ።

እኔ ምንም አልልም። የምትልኪው ቃል ካለሽ ግን ጻፊልኝ። እስካሁን ተሸክሜ የጣልኩት አንድ ጡብ የለም፤ ቃልም አይወድቅብኝም።

በገዛ እጁ የጻፈው
የባልሽ የአጎት ልጅ፣ ሩፊኖ ማይዳና


ሳን ፋውስቲኖ፣ ሜይ 12 ቀን 1998

ለሩፊኖ ማይዳና፣ ላኑስ

እግዚአብሔር ከግድግዳህ ጋር ይሁን። ካንተ ጋር እንዲሆን አልለምነውም፤ ትዕግሥቱን ልፈታተነው አልፈልግም። ቼላን ሳምልኝ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ይህን ደብዳቤህን ቢያይ፣ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ሳያነብ አያድርም ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለነገሩ፣ አንዴ ለሳቅ።

ለሳህን ጨፋሪ የምልከው ቃል የለኝም። ታንጎ ሰው እያላመጠ የሚያየው ነገር አይደለም። በመንደራችን የታንጎ ክበብ ስንት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ሳስጨፍር፣ ሙዚቃው ከተነሳ ወዲያ ሹካ የነካ ሰው አስታውሳለሁ? የለም። «እማ፣ እዚህ የሚያስጨፍሩት ወንዶች እየሞቱ ነው፤ እኔም በሽማግሌ ትከሻ ላይ ላርጅ?» ብላኝ ሄደች። እኔም «ለእራት አድማቂ የሚሆን ልጅ አልወለድኩም» አልኳት። ሁለታችንም ያልነውን እናውቃለን።

መሄድህ ካልቀረ ግን ዓይንህን ከፍተህ ተቀመጥ። ከስታ እንደሆነ እይልኝ። የግራ ቁርጭምጭሚቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ታነክስ እንደሆነ እይ። ምናልባት እሷው ካናገረችህ፣ እንደ ራስህ ወሬ አድርገህ፣ የክበቡ ሃምሳኛ ዓመት በዓል ጁን 27 ላይ መዋሉን ጣል አድርግላት። አልጠራኋትም። በዓል መቼ እንደሚውል ማወቅ ግን ሰው አይገድልም። ኮሚቴውም «ዶና ኤርሚንዳ፣ ከእርስዎ በኋላ ቅዳሜን ማን ይይዛል?» እያለ ነጋ ጠባ ይነዘንዘኛል። የባለልኳንዳው ሚስት ያንን ከበሮ በከበሮ የሆነ ዘፈኗን ታቅፋ በር በሬን ታያለች። እስከ በዓሉ ታገሡኝ ብያቸዋለሁ።

የቤቴ ቁልፍ ያው የድሮው ነው፤ አልቀየርኩትም። ይህንንም እንደ ራስህ ወሬ።

ኤርሚንዳ


ላኑስ፣ ሜይ 23 ቀን 1998

ለተከበርሽው እህቴ ለኤርሚንዳ

ሰላምታዬ ወንዙን ተሻግሮ ይድረስሽ። እመቤታችን እኔ ያየሁትን ከማየት ትጠብቅሽ።

ሄድኩ፤ አየሁ፤ በላሁ። በሦስቱም አዝኛለሁ።

በመጀመሪያ በሩ ላይ አንዲት ልጅ ኮፍያ አናቴ ላይ ደፋችብኝና፣ ሌላዋ ከጎኔ ተለጥፋ ፎቶ አነሡን። ኮፍያው ከእኔ በፊት የስንቱን ቱሪስት ላብ እንደጠጣ እግዜር ይወቀው። «እኔ የራሴ ኮፍያ አለኝ» ብል፣ «የእርስዎ የታንጎ አይደለም» አለችኝ። በዚህ ኮፍያ አርባ ዓመት ታንጎ እንደ ጨፈርኩ ልነግራት ስል የሚቀጥለውን ሰው አስገባች።

ውስጡ ቀይ መጋረጃ፣ ቀይ ጠረጴዛ ልብስ፣ ቀይ መብራት። ሥጋው ብቻ ነበር ቀይ ያልሆነ። እንደ ጫማ ሶል ደርቋል፤ ቢላዋዬ የገባው ቆርጦ ሳይሆን ለምኖ ነው። ከዚያ በፊት የቀረበው በሥጋ የተሞላ ኢምፓናዳ ሊጡ ወፍራም፣ በውስጡ አንዲት ዘቢብ የጠፋ ዘመዷን ስትፈልግ አገኘኋት። ወይኑ ጥርሴን አጠቆረ እንጂ ራሴ ጋ አልደረሰም። ዙሪያችን ብራዚሎች፣ ጃፓኖች፣ ከሜንዶሳ የመጡ አዲስ ሙሽሮች። ሙሽሮቹ ትርዒቱ ሲጀመርም ሲያልቅም አላወቁም። ከሁሉ የተሻለ እራት የበሉት እነሱ ናቸው።

ከዚያ የሜዳ ፈረሰኛ ጋውቾ ነኝ ያለ አንድ ጎረምሳ ወጥቶ በጠፍር የታሰረ ድንጋይ እያሽከረከረ ወለሉን በቦት ጫማው ደበደበ። ያ ልጅ ፈረስ የሚያውቀው መቶ ፔሶ ላይ ካለው ሥዕል ቢሆን ነው። ቀጥሎ ዘፋኙ መጣና ስለ ሞተች እናቱ አለቀሰ። እንባውን ሲጠርግ ሰዓቱን አየ። እናቱ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ትሞታለች ማለት ነው።

ጭፈራው ግን ሁሉንም በለጠ። በእኛ ዘንድ እግሩን ወደ ላይ የሚያነሳ በቅሎ ነው። እዚህ በቅሎዎቹ ይጨበጨብላቸዋል። ወንዶቹ ፀጉራቸውን በቅባት ለጥፈው፣ ሴቶቹን እንደ ዱቄት ከረጢት ትከሻቸው ላይ ይወረውሯቸዋል። አንደኛው ጽጌረዳ በጥርሱ ነክሶ ወጣ። ቼላን «ይሄ እራት ሳይሰጡት ነው መሰለኝ ያወጡት» ብላት፣ «ዝም በል፣ የከፈሉበት ሰዎች አሉ» አለችኝ።

ሮክሳና ከጥንዶቹ በሦስተኛዋ ሆና ወጣች። ያንኑ ዘለለች፤ ያንኑ ተወረወረች። መሃል ላይ ብርሃኑ ቀነስ ሲል፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ቆመው ባንዶኔዮኑ ብቻውን ሲቀር፣ ለአፍታ ያህል ተራመደች። እግሯ ከወለሉ ሳይለይ፣ ድመት በቤቷ እንደምትሄደው። ያቺ አፍታ የእኔ ትምህርት ናት። የቀረው የእነሱ ነው፤ ይዘውት ይቅሩ።

አሁን የተናደድኩበትን ልንገርሽ። በመጨረሻው አስተዋዋቂው፣ «አሁን ደግሞ ውድ እንግዶቻችን ራሳቸው ይጨፍራሉ» አለና ጨፋሪዎቹ ከመድረኩ ወረዱ። በየጠረጴዛው እየዞሩ ሰውን በእጁ እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። ሮክሳና ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች፤ መጥታም እጇን ዘረጋችብኝ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ተነስ እንደሚባል ሽባ።

አንቺና እኔ ሥርዓቱን እናውቃለን። ወንድ ከማዶ ሆኖ ያያል፤ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ሴቷ ከፈለገች ትመልስለታለች፤ ካልፈለገች ጣሪያ ታያለች። ማንም አልተጠየቀም፤ ማንም አልተዋረደም። ጠረጴዛ ድረስ ሄዶ እጅ የሚዘረጋ ባለጌ ነው። ያንን የስፌት መኪና ሻጭ በኮሌታው ይዘሽ ከክበቡ ያስወጣሽው በምን ነበር? በዚሁ ነው። እሷ ደግሞ ያኔ ጠረጴዛ ሥር ሆና የምታይ ልጅ ነበረች።

ቼላ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ሂድ እንጂ፣ አንተ ግትር።»

«በእጅ የምጠራ ውሻ አይደለሁም» አልኳት።

እንደ ሥርዓታችንም ጣሪያውን አየሁ። ልስኑ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ሲሚንቶው ላይ አሸዋ አብዝተውበታል። ትንሽ ቆማ ጠበቀችኝና ከጎኔ ያለውን ብራዚላዊ ይዛ ወጣች። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ መድረኩ ላይ ደረሰ።

ላናግራት አልቻልኩም። አስተናጋጁን ስጠይቀው፣ ጨፋሪዎቹ ከእንግዳ ጋር ማውራት ክልክል እንደሆነባቸው ነገረኝ። ስለዚህ ያልሽኝን ወሬ ጣል አላደረግኩም። አትጠብቂያት፣ እህቴ። ሥርዓቷን የረሳች ሴት ቅዳሜን አትይዝልሽም።

ሩፊኖ ማይዳና


ላኑስ፣ ጁን 5 ቀን 1998

ለእህቴ ለኤርሚንዳ

ጤና ይስጥልኝ፣ ካለሽ። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤዬን በልቶብኝ ይሆን? እንዲያ ያለ ደብዳቤ ቢበሉ አልፈርድባቸውም፤ ከድሮው ፋኖስ እራት ይጣፍጣል። የቼላ ግድግዳ አልቋል። ጎረቤቶች እየመጡ ዳሰሱት፤ አንዱ «በዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ማስደገፍ ይቻላል» አለ። አንድ ቃል ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን።

ሩፊኖ


ሳን ፋውስቲኖ፣ ጁን 11 ቀን 1998

ለሩፊኖ

ሰላምታውን ለቼላ አድርስልኝ። ላንተ የለኝም።

ፖስታ ቤቱ ምንም አልበላም። ደብዳቤህ በሜይ መጨረሻ ደርሶኛል። እስካሁን ያልመለስኩልህ የምሰድብህ ቃል ስላጣሁ ነው፤ ያሉት ሁሉ አነሱብኝ።

ሮክሳና ሥርዓቱን ረሳች ትለኛለህ። ያቺ ልጅ ጥርስ ሳታወጣ ነው የወንድ አንገት ሲሰበር ያየችው። የስንቱን አንገት ማን እንደ መለሰችለትና ማን ጣሪያ እንዳየችበት ሰኞ ጠዋት ለእኔ ትተርክልኝ የነበረችው እሷ ናት። አንተ የምታውቀው እንዴት እንደሚጋበዝ ብቻ ነው፤ እሷ ለምን እንደሆነም ታውቃለች። ታዲያ እያወቀች እጇን ከዘረጋችልህ ምን ብላ ነው?

የጻፍከውን መልሰህ ብታነበው ራስህ ትደርስበት ነበር። ግን መጻፍ እንጂ ማንበብ አላስተማሩህም መሰለኝ። ከእንግዳ ጋር ማውራት ክልክል ነው ያልከኝ አንተው ነህ። እንግዳ አጠገብ የሚያስደርሳት አንድ መንገድ ብቻ ነበራት፤ እሱም ያ እጅ ነው። አንድ ታንጎ ስንት ደቂቃ ይወስዳል? ጆሮህ አፏ ላይ ተጠግቶ ስንት ቃል ይባላል? በአርባ ዓመት ጭፈራህ ስንቷን ሴት በጆሮዋ ስታሰለች ኖረህ፣ አንዷ በጆሮህ ልትነግርህ ስትመጣ ልስን ስትመረምር ተገኘህ።

እሷ ያየችው ደግሞ ሩፊኖን አይደለም። ከሳን ፋውስቲኖ የመጣ ሰው ነው ያየችው። አንተ ጣሪያውን ስታይ፣ እሷ የእኔን ፊት ነው ያየችው።

ስለ ሥጋው ጽፈህልኛል። ስለ ወይኑ፣ ስለ ዘቢቡ፣ ስለ ብራዚላዊው ሆድ ጽፈህልኛል። ስለ ልጄ ፊት አንድ መስመር የለም። ከስታ እንደሆነ እይልኝ ብዬህ ነበር። ፊቷ ምን ይመስል ነበር? በሚቀጥለው ፖስታ መልስልኝ። ቀልድ አትጨምርበት።

ኤርሚንዳ


ላኑስ፣ ጁን 17 ቀን 1998

ለእህቴ ለኤርሚንዳ

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔንም ያጽናኝ፤ ደብዳቤሽን ቼላ ፊት ነው የከፈትኩት፣ እሷም ከትከሻዬ ላይ ሆና አነበበችው። ከዚያ ወዲህ ሾርባዬን የምታቀርብልኝ ፊቷን አዙራ ነው።

ቀልድ አትጨምር ብለሻል። እሞክራለሁ።

ከስታለች። የትከሻዋ አጥንት ከልብሱ በላይ ወጥቷል። ከመድረኩ ስትወርድ በቀኝ እግሯ ነው ደረጃውን የረገጠችው፤ ግራዋን ቀስ አድርጋ አስከተለችው። አላነከሰችም፤ እንዳታነክስ ግን ተጠንቅቃለች።

ፊቷን ብዙ ቀለም ሸፍኖታል። ስትመጣ ግን ፈገግ ብላ ነበር፤ ለሰዉ የሚያሳዩትን ፈገግታ አይደለም። ልጅ ሆና ከበሩ ወደ እኔ ስትሮጥ የምታሳየኝን ነው። ከንፈሯ «አጎቴ» ሲል አይቻለሁ። ድምፁን ሙዚቃው ወሰደው። እኔም አንገቴን ወደ ላይ አደረግኩ። ፈገግታው አልጠፋም፤ እንዳለ ሆኖ የሥራ ፈገግታ ሆነ። እጇን ቶሎ አልሰበሰበችም። ይህን ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ረስቼው አይደለም። እንዴት እንደሚጻፍ አላወቅኩበትም። መምህርት ኔሊዳ እስከዚያ አላደረሰችንም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ወደዚያው ቤት ሄድኩ፣ ለእራት ሳይሆን ወደ ጓሮው በር። እንደ ቁም ሳጥን የሰፋ ዘበኛ ቆሟል።

«ማንን ነው?» አለኝ።

«ሮክሳናን።»

«ምኗ ነህ?»

«አስተማሪዋ።»

«የምን?»

«የመራመድ።»

«እንግዲያ ካወቅክበት ተራመድ» አለኝና በሩን ዘጋው።

የአውቶብሱ ማቆሚያ ስደርስ አምስት መልስ መጣልኝ፤ ሁሉም ግሩም ነበሩ።

እንዲህ አስቤያለሁ። ለበዓሉ እመጣለሁ። ከበዓሉ ማግስት አንቺ አውቶብስ ትሳፈሪያለሽ፤ ቅዳሜን እኔ እይዝልሻለሁ። ቼላ በድሮው ፋኖስ ሁለት ወንበር አስይዛለች፣ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከምሰሶው አጠገብ። አንዱ የእሷ ነው። ሌላውን ባዶ ብትተዪውም እራቱ እንደሆነ አይጎልብሽም። ሮክሳና እጇን ስትዘረጋ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። ያንቺ አንገት ከእኔም ይጠነክራል፤ ምክር አልሰጥም።

ሩፊኖ ማይዳና


ላኑስ፣ ጁላይ 10 ቀን 1998

ለሩፊኖ ማይዳና፣ ሳን ፋውስቲኖ

በደህና ደርሻለሁ። ክበቡን በመዳፍህ እንዳለ ጠብቀህ እንደሆነ እግዚአብሔር ይባርክህ፤ የፊተኛውን መስኮት ከፍተህ ከተውከው ግን በረከቱን እወስድብሃለሁ፤ ወለሉ በእርጥበት ያብጣል።

ስለ ሥጋው ዋሽተኸኛል። ከጻፍከውም ይብሳል። ዘፋኙ ደግሞ ጉንፋን ይዞት እናቱን በግማሽ ሞት አሳለፋት። ጽጌረዳ የነከሰው ልጅ ከጠረጴዛችን አጠገብ ሲያልፍ ጽጌረዳዋ የላስቲክ መሆኗን አየሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያያል። ባሕሩ አያፍርም፤ ሰውዬው አያፍርም።

ጥቁሩን ቀሚሴን ነው የለበስኩት። ቼላ «ለቀብር የምትሄጂ መሰልሽ እኮ» አለችኝ። «ነው» አልኳት።

ሮክሳናን አየኋት። ዘለለች፤ ተወረወረች። ስትወረወር ዓይኔን ጨፈንኩ። ያልካትን አፍታም አየሁ፤ ያቺ አፍታ የአንተ ትምህርት አይደለችም፤ የሮክሳና አባት እንዲያ ነበር የሚራመደው። አታውቀውም፤ አንተ ወለል ላይ ስትሆን ከራስህ ሌላ ሰው አታይም።

አስተዋዋቂው ያንን ቃሉን ተናግሮ ጨፋሪዎቹ ሲወርዱ፣ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት አንገቴን ሳዘጋጅ ከርሜያለሁ። እጇን ስትዘረጋ እንዴት እንደምቀበላት፣ መጀመሪያ ምን ያህል እንደማስጠብቃት ሁሉ ወስኜ ነበር።

አልመጣችም።

ከደረጃው እግር ሥር አየችኝ። ቆመች። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ሌላው ጠረጴዛ፣ ወደ ጃፓኖቹ ሄደች። አንዴ በሳን ፋውስቲኖ ሰው የተቃጠለች እጅ ሁለተኛ አትዘረጋም፤ ልጄ ናት። ቼላ ጆሮዬ ላይ፣ «በቃ፣ ጣሪያ ታይብኛለች ብላ ፈርታሽ ነው» አለችኝ። እኔም እዚያ ቁጭ ብዬ ያልነካሁትን ሥጋ አየሁት። ያ ሥጋ ሊያለቅስብኝ ነበር።

አሁን የምጽፍልህን ለሰው ብታወራ ምላስህን እቆርጠዋለሁ። ተነሳሁ። በእነዚያ ሁሉ ብራዚሎች መካከል፣ በወንበርና በወንበር መሃል እየተጋፋሁ፣ የአንዱን ብርጭቆ በቦርሳዬ ገልብጬ ሄድኩ። ጃፓናዊው ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ደረስኩ። እጄን ዘረጋሁላት። እኔ፣ ኤርሚንዳ ሶሳ፣ ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ።

አስተዋዋቂው በማይክሮፎኑ «እነሆ አንዲት ደፋር እመቤት» አለ፤ ሰዉም አጨበጨበ። እነዚያ ሰዎች ለሁሉም ነገር ያጨበጭባሉ፤ መብራት ቢጠፋም ያጨበጭቡ ነበር። እሷ እጄን አየችው። ከዚያ ያዘችው። እጇ በረዶ ነበር።

መድረኩ ላይ ወጥተን ማን ይምራ ሳንስማማ የታንጎው ሩብ ሄደ።

«እማ፣ በቀኝሽ ጀምሪ፤ ሰው እያየን ነው» አለችኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔ በቀኜ የምጀምረው?»

«እዚህ እኔ ነኝ የምመራው።»

«እየመራሽ ሳይሆን እየገፋሽኝ ነው።»

«ከበድሽ።»

«አንቺ ቀለልሽ። ምንድን ነው የምትበዪው?»

«እዚሁ ነው የምበላው፣ ከእንግዳ የተረፈውን።»

ታንጎው ሊያልቅ ሲል እንዲህ አለችኝ። በሜይ አንተ ጋ የመጣችው፣ ለበዓሉ ልምጣ ወይ፣ እናቴ ከበር ትመልሰኛለች ወይ ብላ ልትጠይቅህ ነበር። በዓሉን አልዘነጋችውም፤ ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። ፈቃድ ጠይቃ፣ አሠሪዎቿንም አስማምታ ነበር። አንተ ጣሪያውን ስታይ፣ መልሱ ደረሰኝ ብላ ፈቃዱን መለሰች። እኛ በዓሉን ስናከብር፣ አንተ መሃል ወለል ላይ ሆነህ ጫማህን ስታሳይ፣ እሷ እዚህ እየተወረወረች ነበር። ይህን የጻፍኩልህ እንድታዝን አይደለም። ማወቅ ያለብህ ስለሆነ ነው፤ ብታዝንም ግን አልከለክልህም።

በማግስቱ የምትኖርበትን አየሁ። ከሦስት ልጃገረዶች ጋር አንዲት ክፍል፣ መስኮቱ ከግድግዳ ጋር የተፋጠጠ። የግራ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ዳቦ አብጧል። በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከላይ ሁለት ካልሲ አድርጋ ነው የምትወጣው፤ ብታነክስ ሌላ ያስገቡባታል። «ወደ ቤት እንሂድ» አልኳት። «ውሌ እስከ ጸደይ ነው፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም፣ እማ። እዚያ ምን አለኝ?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩና የቅዳሜ አዳራሻችንን አሰብኩት። አሥራ አንድ ሽማግሌ፣ አንዱ አንተ።

ስለዚህ እኔም ወደዚያ አልመለስም። ቼላ የኋላውን ክፍል ሰጥታናለች። ሮክሳና ዕቃዋን አምጥታለች፤ ጠዋት ጠዋት እግሯን በጨው ውኃ እዘፈዝፋለሁ፣ ከሰዓት በጨርቅ አስርላታለሁ። ስለ ጭፈራው አንድም ጥሩ ቃል አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። እሷም ስለ ክበባችን የምታስበውን እንደ ወትሮዋ ሳትሸሽግ ትነግረኛለች። ሁለታችንም እንናናቃለን። ቼላ አብራን እራት መብላት ትታለች።

ለኮሚቴው ንገርልኝ። ቅዳሜን ለባለልኳንዳው ሚስት ይስጧት። ከበሮዋንም ታምጣ። ወለሉን በሰም ትወልውለው እንጂ በሳሙና እንዳታጥበው ብቻ አስጠንቅቃት፤ ሳሙና እግር ይይዛል። መዝገቡ፣ ቁልፉ፣ የመብራቱ ማብሪያ የት እንዳለ ታውቃለህ። አንተ ከእሷ ጋር ጨፍር አትጨፍር የራስህ ጉዳይ ነው።

የት ሄደች ለሚልህ ሁሉ፣ ጥርሷን ልታስተክል ቦነስ አይረስ ቀርታለች በል። ኤርሚንዳ ሶሳ ሥጋ እየተበላ የሚታይ ታንጎ ተከትላ ቀረች ከሚሉኝ፣ በባዶ ድድ ብቀበር ይሻለኛል።

ኤርሚንዳ